ወጣቱና ሙያው፦ የድረ ገጽ ሥራ በቆቦ ሜዳ ያዋጣል?



ውድ አንባብያን፤ በቆቦና በራያ ሜዳ የሽንኩርቱ ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ ወይም ከበሬዎቹ አንዱ ለገበያ ሲወጣ፣ በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ምክክር ይነሣል። ይኸውም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ከቤት የተቀመጠው ልጅ ምን ይሁን የሚል ነው። አንዱ ወገን «እኩዮቹ እንደ ሄዱት ይሂድ» ይላል። ይህም ማለት ገንዘቡ ለደላላ ተከፍሎ ልጁ የአፋርን በረሃ፣ የጅቡቲን ጠረፍ፣ ባሕሩንና የየመንን ምድር አቋርጦ ሳዑዲ ይግባ ማለት ነው። ልጁ በበኩሉ «ለደላላ ከምትከፍሉ ላፕቶፕ ግዙልኝ፤ የድረ ገጽ ሥራ ልማር» ያለ እንደ ሆነ አባት ግራ ይጋባል። ባጃጅ አይደለ፣ ሱቅ አይደለ፣ በዓይን የሚታይ ነገር የለው። እናትም «ከዚያች ሣጥን ላይ ተጎልቶ ሊውል ነው» ብትል አይፈረድባትም።

የዛሬው ዓምዳችን የተጻፈው ለዚህ ቤተሰብ ነው። ሙያው ምን እንደ ሆነ፣ በምን እንደሚማሩት፣ እንጀራውም ከየት በኩል እንደሚወጣ ሳናጋንን ለማስረዳት እንሞክራለን።

በቅድሚያ ስለ ገንዘቡ እንነጋገር። የስደቱን ነገር ለቆቦ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ወራት ብቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ፣ ከተመላሾቹ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች እንደ ነበሩ በየመንደሩ ያየነው ነው። ተሳክቶላቸው ለወላጆቻቸው ቤት የሠሩም አሉ፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ለደላላ የተሰጠ ገንዘብ መንገዱ ቢበላሽ አይመለስም። የልጁ ነፍስ ደግሞ በገንዘብ አትለካም። ላፕቶፕ ግን ልጁ ሙያውን ባይወደው እንኳ መልሶ ይሸጣል፤ ቢከስርም የሚከስረው የዋጋውን ከፊል ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ላፕቶፕ ወይስ ሳዑዲ» ብቻ ሳይሆን፣ ልጁ አንድ ዓመት ያህል ተቀምጦ እንዲማር ቤተሰቡ ይታገሠዋል ወይ የሚለውም ጭምር ነው። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው።

ለመሆኑ ድረ ገጽ ሠሪ የሚባለው ሰው ምን ይሠራል? ድረ ገጽ ማለት አንድ ሰው፣ ድርጅት ወይም ትምህርት ቤት ስለ ራሱ የሚገልጽበት፣ በየትም አገር ያለ ሰው በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ አድራሻውን ጽፎ የሚከፍተው ገጽ ነው። የሚሠራው በሦስት የመጻፊያ ቋንቋዎች ነው። ኤችቲኤምኤል የሚባለው የቤቱ ማገርና ግድግዳ ነው፤ ይህ ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ሥዕል ነው እያለ ለኮምፒዩተሩ ይነግረዋል። ሲኤስኤስ የሚባለው ልስኑና ቀለሙ ነው፤ የፊደሉን መጠን፣ የገጹን ስፋት፣ በስልክ ሲታይና በትልቅ ስክሪን ሲታይ የሚኖረውን ልዩነት ይወስናል። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ገጹ ሲነካ መልስ እንዲሰጥ የሚያደርገው ነው። የመጀመሪያውን ከነሥርዐቱ ያፈለቁት ቲም በርነርስ ሊ የተባሉት እንግሊዛዊ ሲሆኑ፣ ይሠሩበት የነበረው በስዊዘርላንድ የሚገኘው ሰርን የተባለ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1993 ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ሙያው ዛሬ ፈቃድና የመሣሪያ ኪራይ የማይጠየቅበት ሊሆን የቻለው ከዚያች ቀን የተነሣ ነው። ወንበርና መጋዝ የሚሸጥለት አናጢ ስንት ያወጣል? የድረ ገጽ ሠሪ መሣሪያ ግን ላፕቶፑና ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ቆቦን በሚመለከት አንድ ትልቅ ነገር መነሣት አለበት። ብዙ ሰው ይህ ሙያ ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔት ይፈልጋል ብሎ ያምናል። እንደሚታወቀው በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ቆቦና አካባቢው መብራትም ስልክም ተቋርጦባቸው ከርመዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። «ታዲያ በዚህ አገር ማን ድረ ገጽ ይሠራል?» የሚል ሰው ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን እንደሚታሰበው አይደለም። ድረ ገጽ የሚጻፈው በተራ የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ሲሆን፣ ውጤቱ የሚታየው በዚያው ላፕቶፕ ላይ ባለው ብራውዘር ነው፤ ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ትምህርቱን ለማውረድ፣ ያለቀውን ሥራ ለመስቀልና ከደንበኛ ጋር ለመገናኘት ነው። ወልድያ ወይም ደሴ ሲሄድ በፍላሽ ትምህርት አምጥቶ ወር ሙሉ ቤቱ የሚለማመድ ልጅ፣ አዲስ አበባ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ ከሚያየው ብዙ ጊዜ ይቀድማል። በተቃራኒው የቋሚ ደንበኛ ሥራ የያዘ ሰው መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ እንደሚቸገር እሙን ነው። ስለዚህ አስቀድሞ «ግንኙነት ሲጠፋ በዚህ በኩል ታገኙኛላችሁ» ብሎ ለደንበኛው መንገር ከሥራው ጋር የሚቆጠር ነው።

ትምህርቱን በሦስት መንገድ ማግኘት ይቻላል። መደበኛው መንገድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው፣ በ2004 ዓ.ም. የተከፈተው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በጦርነቱ ጊዜ ከባድ ዝርፊያና ውድመት ቢደርስበትም ወደ ሥራው ተመልሷል። ከዚያ ወዲያ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ተቋም አለ። ሁለተኛው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። ሦስተኛው ራስን ማስተማር ሲሆን፣ እንደ እውነቱ ከሆነ ከሁለቱም መንገድ የመጣ ተማሪ እንኳ ከዚህ አያመልጥም። ፍሪኮድካምፕ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተ የትምህርት ድርጅት የድረ ገጽ ትምህርት ከሀ እስከ ፐ በነፃ ይሰጣል። በአገራችንም ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተሰኘው መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ትምህርትን በነፃ ከምሥክር ወረቀት ጋር ይዞ ተጀምሯል። እግረ መንገዳችንን ግን የምሥክር ወረቀት የሚሰበስቡ ወጣቶችን አንድ ነገር እንበላቸው። በዚህ ሙያ ደንበኛ «ወረቀትህን አሳየኝ» አይልም፤ «የሠራኸውን አሳየኝ» ነው የሚለው። አሥር የምሥክር ወረቀት ይዞ አንድ የሚከፈት ገጽ የሌለው ሰው ገና አልጀመረም።

እንግሊዝኛ ያስፈልጋል ወይ? አዎን፤ ትምህርቱም የስሕተት መልእክቱም በእንግሊዝኛ ነው። ልቅም አድርጎ መናገር ግን ግዴታ አይደለም። አንብቦ መረዳት ይበቃል፤ እሱም ከሥራው ጋር እያደገ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የቆቦ ልጅ በአዲስ አበባና በባንጋሎር ካለው ባለሙያ ጋር ተወዳድሮ በምን ሊበልጥ ይችላል? በኮድ ብዛት አይደለም። የሚበልጠው ገጹን የሚከፍተውን ሰው በማወቁ ነው። ይህን በምሳሌ ብናየው ይሻላል።

አንድ የወልድያ ነጋዴ ለሱቁ ድረ ገጽ አሠርቷል እንበል። ገዢው ከሮቢት ወይም ከጎብዬ በትንሽ ስልክ፣ በጥቂት ብር የገዛውን የኢንተርኔት ጥቅል ይዞ ይከፍተዋል። አንድ የአማርኛ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ ሦስት ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው ፊደል የሚይዘው አንድ ነው። ይህን የሰማ ሰው አማርኛ ገጹን ያከብደዋል ብሎ ይሠጋ ይሆናል። ነገር ግን በዛሬ ስልክ የተነሣች አንዲት ፎቶግራፍ በቀላሉ ሦስት ሜጋባይት ትሆናለች። ይህ የአንድ ሚሊዮን የአማርኛ ፊደል ቦታ ነው፤ ሁለት ወፍራም መጻሕፍት ማለት ነው! ሠሪው ፎቶግራፎቹን እንዳሉ ከሰቀላቸው የገጠሩ ገዢ ገጹ ሳይከፈትለት ጥቅሉ ያልቃል። ፎቶግራፏን ወደ መቶ ኪሎባይት ማሳነስ የአምስት ደቂቃ ሥራ ሲሆን፣ በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱ ለዓይን አይታይም። አዲስ አበባ በፈጣን መስመር ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ይህ ችግር ስለማይሰማው ይረሳዋል። በጥቅል የሚኖር ልጅ ግን አይረሳውም።

ሌላም አለ። አንባብያችን በዚህ መጽሔት ስለ ሐጅ የተጻፈ ነገር በኮምፒዩተር ልትፈልጉ ብትሞክሩ «ሐጅ» ብሎ የጻፈም፣ «ሀጅ» ብሎ የጻፈም፣ «ሃጅ» ብሎ የጻፈም ታገኛላችሁ። ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሑሴን» ብሎ የተመዘገበ ተማሪ «ሁሴን» ተብሎ ሲፈለግ የለም ይባላል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደ አንድ ተቆጥረው እንዲፈለጉ ማድረግ በጣት የሚቆጠሩ መስመሮች ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከውጭ በተገዛ አብነት ውስጥ አይገኝም። እንዲሁም ቅጽ ሲዘጋጅ «የቤተሰብ ስም» ብሎ የሚጠይቅ አብነት ለእኛ አይሆንም፤ እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ሱቁ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይከፈታል» የሚለውን ኮምፒዩተሩ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ምክንያቱም የእኛ ሰዓት ከሌላው በስድስት ሰዓት ይለያል። ቀኑና ዓመቱም እንዲሁ። እነዚህን ሁሉ አውቆ የሚያስተካክል ሰው ዋጋ ያለው ባለሙያ ነው።

የፊደሉን ነገር ካነሣን ዘንድ፣ የዛሬ ወጣት ቀላል የሚመስለው ነገር ትናንት እንዲህ እንዳልነበረ ቢያውቅ ደግ ነው። ቀደም ሲል እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የየራሱ የፊደል ቁጥር ነበረው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። በዚያ ዘመን የአማርኛ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች ጽሑፉን እንደ ሥዕል አድርገው ይለጥፉት ነበር። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያም ኒያላ የተባለው ፊደል እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር አብሮ መጣ። ዛሬ በየስልኩ አማርኛ እንደ ልብ የሚጻፈው ይህ ሁሉ ተለፍቶበት ነው።

በዚህ ረገድ መድረሳ የቀራ ልጅ አንድ ተጨማሪ ሀብት አለው። ዐረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛው ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ፣ አሠራሩን የማያውቅ ሰው ቃላቱን ያገለባብጣቸዋል። ነጥቡ የቃሉ መጨረሻ ላይ መቆም ሲገባው መጀመሪያው ላይ ይገኛል። በኮዱ ውስጥ የጽሑፉን አቅጣጫ የሚናገር አንዲት ቃል በቦታዋ ማስገባት ነው መፍትሔው፤ ተገልብጦ እንደ ሆነ የሚለየው ግን ዐረብኛ ማንበብ የሚችል ሰው ብቻ ነው። ወሎ ደግሞ ለሁለቱ ፊደላት መገናኘት እንግዳ አይደለም። እንደ ሸይኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ያሉ ዑለማዎች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ፣ ጽፈው አቆይተውልናል። እነዚህ የእጅ ጽሑፎች ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ ማውጫ ተሠርቶላቸው በድረ ገጽ ይቀመጡ ቢባል ሥራውን ሁለቱንም ፊደል ከሚያነብ ሰው በቀር ማን ሊሠራው ይችላል? ይህ እንግዲህ እንደ መንገድ ዳር አስተያየት ይያዝልን።

በሙያው ውስጥ መንገዱ አንድ አይደለም። ዓይኑ ለመልክና ለቀለም የሚያደላ ሰው ገጹ ምን ይምሰል የሚለውን የሚነድፍ ይሆናል። ሒሳብና አመክንዮ የሚወድ ደግሞ ከገጹ በስተጀርባ ያለውን፣ መዝገቡንና የክፍያውን ሥርዐት ይሠራል፤ ከፍ ያለ ደሞዝ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል ሲሆን ትምህርቱም ረዘም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ወርድፕሬስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከዓለም ድረ ገጾች ከመቶ አርባ በላይ የሚሆኑት ይሠሩበታል። ጀማሪ ሰው ይህን ይዞ በጥቂት ወራት ለትምህርት ቤት ወይም ለሆቴል የሚሆን ገጽ ማቆም ይችላል። እዚያ ላይ የቀረ ግን እዚያው ይቀራል። ብዙዎች ንቀው የሚያልፉት ሌላም ሥራ አለ፤ ተሠርቶ ያለቀን ገጽ መጠበቅና ማደስ ነው። በየወሩ ጥቂት ክፍያ ያለው፣ ስም የማያሰጥ፣ ግን የማይቋረጥ ገቢ ነው።

ደንበኛ ከየት ይምጣ? ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር። የቆቦ ነጋዴ ዛሬ ለድረ ገጽ ገንዘብ ላያወጣ ይችላል፤ ቴሌግራምና ፌስቡክ በነፃ ስለሚያገለግሉት። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርተው ገበሬም የሚፈልገው የዛሬውን ዋጋ እንጂ ድረ ገጽ አይደለም። «የሽንኩርት ዋጋ የሚገልጽ ድረ ገጽ ልሥራ» የሚል ወጣት ቢመጣ ሐሳቡ መልካም ነው እንላለን፤ ነገር ግን ዋጋውን በየቀኑ ማን ይሰበስባል? ማንስ ይጽፈዋል? ያለ እርሱ ገጹ በሁለተኛው ሳምንት ይሞታል። ብዙ ድረ ገጾች የሚሞቱት ከሥራ ጉድለት ሳይሆን የሚያድሳቸው ሰው ከማጣት ነው።

ይልቁንስ ደንበኛ የሚገኘው የራሱ ደንበኛ ከሩቅ ከሚመጣበት ሰው ዘንድ ነው። በዚሁ በሰሜን ወሎ ላሊበላ አለች። በዚያ ያሉ ሆቴሎችና አስጎብኚዎች እንግዳቸው ከአውሮፓ ሳይነሣ በድረ ገጽ አይቷቸው ነው የሚመጣው። በኮሮናውና በጦርነቱ የደረሰባቸው ጉዳት ከባድ ቢሆንም፣ ቱሪስት መለስ ሲል ቀድሞ የሚያገኘው ገጹ የተሟላለትን ነው። የግል ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮች፣ ተቋራጮች፣ የእርዳታ ድርጅቶችም እንዲሁ ናቸው። የመጀመሪያውን ሥራ ለሚያውቁት ሰው በአነስተኛ ዋጋ፣ ግን ሙሉ አድርጎ መሥራት የተለመደና የሚደገፍ ነው። በነፃ መሥራቱን ግን አንመክርም። በነፃ የተሠራለት ሰው ገጹን አያከብረውም፤ ሠሪውንም እንዲሁ።

የክፍያው መንገድ ከቀድሞው ቀሏል። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ ከላሊበላ ለቆቦ ሰው ለመክፈል አውቶቡስ መሳፈር ቀርቷል። የውጭ ደንበኛን በተመለከተ ደግሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በዶላር የሚከፈል ሥራ በብር ሲመነዘር ብዙ ሆኗል። የላፕቶፑም ዋጋ በዚያው ልክ ወጥቷል። ስለዚህ አዲስ ለመግዛት ከመጨነቅ ስምንት ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ዕቃውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሄዶ መግዛት ለዚህ ሥራ ይበቃል። ለውጭ ደንበኛ ለመሥራት የተስማማ ሰውም ገንዘቡ በየትኛው ባንክ፣ በምን መንገድ እንደሚገባ ሥራውን ሳይጀምር ባንኩን ሄዶ ይጠይቅ። ሠርተው ከጨረሱ በኋላ መጠየቅ ትርፉ ጸጸት ነው።

ስለ ሴት ልጆቻችንም እናንሣ። ሐረር ተወልዳ ያደገችው ቤተልሔም ደሴ በልጅነቷ ኮምፒዩተር የለመደችው በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ እየሠራች ነው፤ ዛሬ ስሟ በአገር ውስጥም በውጭም ይታወቃል። የድረ ገጽ ሥራ ከቤት ሳይወጡ የሚሠራ በመሆኑ ለእህቶች ይመቻል ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ልጅቷ ቤት ስለ ሆነች ብቻ ውኃ ቅጂ፣ እንጀራ ጋግሪ፣ ሕፃኑን ያዢ የምትባል ከሆነ ሥራው አይሠራም። ኮድ ሐሳብን ሰብስቦ መቀመጥን ይፈልጋል። ወላጆች ላፕቶፕ ከገዙላት ዘንድ በቀን ሦስት ሰዓት ማንም የማይጠራትን ጊዜም አብረው ይስጧት። ያለዚያ ዕቃው በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል።

የቀረበልን ሥራ ሁሉ ይያዛል ወይ የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። በአሁኑ ጊዜ ጥሩ ገንዘብ ከሚከፍሉት መካከል የስፖርት ውርርድ ቤቶች ይገኙባቸዋል። ቁማር ሐራም መሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያሻም፤ ገጹን ሠርቶ ማቅረብም ለዚያ ሥራ እጅ መስጠት ነው። ወጣቱ ይህን ገና ሳይቀርብለት ቢወስን ይሻለዋል። የቤት ኪራይ በተጫነ ጊዜ የሚደረግ ውሳኔ ለሰው ይከብዳልና። አጠራጣሪ በሆኑት ላይ በአካባቢው ያሉ ዑለማዎችን መጠየቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ዛሬ ኮምፒዩተር ራሱ ድረ ገጽ ይሠራ የለም ወይ?» የሚል ወጣት ይኖራል። ይሠራል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ቻትጂፒቲ ከወጣ ወዲህ አንድ ሰው በቃል ብቻ አዝዞ መልኩ ያማረ ገጽ በደቂቃ ማግኘት ችሏል። ከዚህ የተነሣ ለጀማሪዎች ይሰጥ የነበረው ቀላል ሥራ ቀንሷል፤ ይህን ደብቀን ልጅ ላፕቶፕ እንዲያስገዛ ብንገፋፋ ማታለል ይሆናል። ማሽኑ ግን የጎብዬው ገዢ ጥቅሉ እንደሚያልቅ፣ የነጋዴው «2 ሰዓት» ጠዋት መሆኑን፣ ባለ ሆቴሉ በእውነት የስንት ክፍል ባለቤት እንደ ሆነ አያውቅም። ስሕተት ሲሠራም ስሕተቱን የሚያየው ኤችቲኤምኤሉን ማንበብ የሚችል ሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚማር ልጅ ማሽኑን እንደ ረዳት ይያዘው እንጂ መሠረቱን ሳይማር በእርሱ አይጀምር። ደንበኛን ማናገር፣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ አማርኛውን አስተካክሎ መጻፍ ደግሞ አሁንም የሰው ሥራ ነው። ቀልጣፋ አማርኛ የሚጽፍ ድረ ገጽ ሠሪ ማግኘት ኮድ የሚጽፍ ከማግኘት ይከብዳል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

በመጨረሻ ስለ ውል። የድረ ገጽ ሠሪዎች ስም በብዙ ከተማ የጠፋው በኮድ ስሕተት ሳይሆን በአማና ጉድለት ነው። ሠሪው የድረ ገጹን አድራሻ በራሱ ስም ያስመዘግባል፤ ከዚያ ስልኩን ይቀይራል፤ ነጋዴው የራሱን ሱቅ ቁልፍ አጥቶ ይቀራል። በደንበኛውም በኩል ግማሽ ከፍሎ፣ ገጹ ከተከፈተ በኋላ ቀሪውን የሚረሳ አለ። ዱቤን በጽሑፍና በምስክር ስለ መያዝ የተደነገገው በቁርኣን ረዥሙ አንቀጽ፣ በሱረቱል በቀራህ 282ኛው ላይ ነው፤ የግማሽ ክፍያ ቀሪም ዱቤ ነው። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታረም፣ ቀሪው ገንዘብ መቼ እንደሚከፈል ይጻፍ። አድራሻው በደንበኛው ስም ይመዝገብ፤ በኢቲ የሚያልቀውን የአገራችንን አድራሻ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። በገጹ ላይ የሰዎች ስምና ስልክ የሚሰበሰብ ከሆነ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መኖሩን ሠሪው ለደንበኛው ይንገረው፤ መዝገቡንም ለሌላ አሳልፎ አይስጥ። ሥራው ሲያልቅ የይለፍ ቃሎቹ ሁሉ በወረቀት ተጽፈው ለባለቤቱ ይሰጡ። አድራሻው በየዓመቱ የሚታደስበት ቀንም በእኛ አቆጣጠርና በፈረንጆቹ ተጽፎ በሱቁ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ያ ቀን ካለፈ ገጹ ይዘጋልና።